አሥራ አንድ ቅጂ፣ አንድ ዲስክ

ደሴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፤ ወይዘሮ አስካለ የሟች ባላቸው ፎቶ ቤት ሲዘጋ ወደ ሳሎን ከመጣው አሮጌ ኮምፒውተር አጠገብ ቆመዋል፤ ነገ ጎህ ሲቀድ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አዲስ ሥራ ለመጀመር የምትሄደው ልጃቸው የምሥራች ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ በሩ ሥር ያልተቆለፈ ሻንጣ አለ።

የምሥራች፦ ጓጉንቸሩን አይተሽዋል ወይ ነው የምልሽ፣ እማ።

አስካለ፦ መጀመሪያ ፎቶው ሁሉ ወደ አዲሱ ዲስክ ይቀዳ።

የምሥራች፦ የሚቀዳው ኮምፒውተሩ ነው። አንቺ ቆመሽ ስላየሽው አይፈጥንም።

አስካለ፦ መብራት ቢጠፋስ?

የምሥራች፦ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። ፕሮግራሙን ለዚህ ነው የጫንኩልሽ።

አስካለ፦ ሲመጣ በኃይል ቢመጣስ? የእትዬ ጌጤ ፍሪጅ መብራት በጠፋ ጊዜ ምንም አልሆነም። መጣልን ብለን ደስ ሲለን ነው ጢሱ የወጣው።

የምሥራች፦ ለዚህ ነው ሲጨርስ ዲስኩን ንቀይው ያልኩሽ። እንደተሰካ ከዋለ ኮምፒውተሩን ያገኘው እሱንም ያገኘዋል። ቅዳሜ ትሰኪያለሽ፣ አዲስ የገባውን ብቻ ይወስዳል፣ አሥር ደቂቃ ነው፣ ትነቅይና ቡፌው ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ሌላ ሥራ የለውም።

አስካለ፦ አዲሱን ብቻ? አሮጌውስ?

የምሥራች፦ አሮጌው አንዴ ገብቷል።

አስካለ፦ ገብቷል ያለው ማነው? ሰው ለሙት ዓመት ፎቶ ፈልጊልኝ ብሎ ሲመጣ፣ ኮምፒውተሩ ገብቷል ብሎኝ ነበር ልበለው?

የምሥራች፦ ሁለት ሦስቱን ከፍተሽ ታያለሽ። ስሙን ብቻ አይተሽ አትመኚ።

አስካለ፦ ይሄን እንኳ ደህና ተናገርሽ።

የምሥራች፦ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ናት። ይኸው፣ አዲሱ ጨረሰ። መብራትም አልጠፋ፣ ጢስም አልወጣ።

አስካለ፦ ቀኑ መች መሸና።

የምሥራች፦ አሁን አሮጌውን ዲስክ ስጪኝ። ከከረጢቱ አውጪዋ። ምነው እንደ ጨቅላ ጠቀለልሽው?

አስካለ፦ ይወድቃል ብዬ። ጥጥ አለው ከውስጡ።

የምሥራች፦ እስቲ። «ቅዳሜ»፣ «ቅዳሜ ሁለት»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»፣ «ይሄኛው ነው»… እማ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?

አስካለ፦ ስም አለቀብኝ።

የምሥራች፦ አሥራ አንድ ናቸው። በየሳምንቱ ሙሉውን እንደገና እየቀዳሽ ነበር። ሞላ ሞላ የሚልሽ ለዚህ ነው።

አስካለ፦ አንዱ ቢበላሽ አሥሩ ይተርፋሉ ብዬ ነዋ።

የምሥራች፦ አሥራ አንዱም ያሉት አንድ ዲስክ ላይ ነው። ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ አንዱ ብቻ መርጦ አይወድቅም።

አስካለ፦ ለዚያ ነው ጥጡ።

የምሥራች፦ እሺ፣ ጥጡ። አሁን ሁሉንም ላጥፋና ከኮምፒውተሩ ላይ እንደ አዲስ አንድ ጊዜ ልሙላው። ሁለት ዲስክ፣ በእያንዳንዱ አንድ ንጹሕ ቅጂ። ከዚያ ጓጉንቸሬን እፈልጋለሁ።

አስካለ፦ ቆይ።

የምሥራች፦ ምኑን ልቆይ?

አስካለ፦ ሁሉም ኮምፒውተሩ ላይ መኖሩን አይተሻል?

የምሥራች፦ ከኮምፒውተሩ ላይ አይደል እንዴ የቀዳሽው?

አስካለ፦ ነው። ብቻ አንዴ እይልኝ።

የምሥራች፦ ከነጋ ጀምሮ አንዴ እይልኝ፣ አንዴ ጠብቂኝ፣ አንዴ ጓጉንቸሩ ጠፋ። ያለ ጓጉንቸር ሻንጣ አውቶብስ ላይ እንደማይጫን ታውቂያለሽ። አትሂጂ ማለትሽ ከሆነ አትሂጂ በይኝና ሁለታችንም እንረፍ።

አስካለ፦ ሁለት ሺህ ስድስትን እይልኝ።

የምሥራች፦ ይኸው፣ በዓመተ ምሕረት ተደርድሯል። ሁለት ሺህ አራት፣ አምስት፣ ሰባት… ስድስት የት ሄደ?

አስካለ፦ ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም ሲለኝ ከዚህ አነሳሁት።

የምሥራች፦ አነሳሁት ማለት?

አስካለ፦ እዚያ ዲስክ ላይ ካለ እዚህ ምን ይሠራል ብዬ አጠፋሁት። ቀድተሽ ያስቀመጥሽው አይጠፋም ብለሽኝ የለ?

የምሥራች፦ ወይኔ፣ እማ።

አስካለ፦ ምነው?

የምሥራች፦ «እሺ» የሚለውን ልጫን ነበር። ጣቴ እላዩ ላይ ነበር።

አስካለ፦ አየሁት። ክፉ ክፉውን ታስቢያለሽ ትይኛለሽ እንጂ፣ የማስበው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የምሥራች፦ እማ፣ ቅጂ የሚባለው ሁለት ቦታ ሲኖር ነው። ከዚህ ካጠፋሽው እዚያ ያለው ቅጂ መሆኑ ቀረ፣ ያለሽ እሱ ብቻ ነው።

አስካለ፦ አሁን ገባኝ። ያኔ የነገረኝ የለም።

የምሥራች፦ እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ። በስልክ እየቸኮልኩ… ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት ስድስትን ብቻ ለምን ጠራሽ?

አስካለ፦ የሰው ፎቶ አለበት።

የምሥራች፦ አምስትም ላይ የሰው ፎቶ አለ።

አስካለ፦ አባትሽ የከተማውን ሰው ሁሉ አንስቶ፣ እሱን ያነሳው ሰው የለም። ለቅሶው ላይ ያቆምነው የመታወቂያውን ነው፣ አስፍተን። ግማሽ ፊቱ ማኅተም ነበር።

የምሥራች፦ አልረሳሁትም።

አስካለ፦ በስድስት፣ አንቺን ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ጉርድ ፎቶ ሲያነሳሽ ካሜራው ቪዲዮ ላይ ተቀምጦ ነበር። አላወቀም። ዘጠኝ ሰከንድ ነው።

የምሥራች፦ እሱ ይታያል?

አስካለ፦ የምትታዪው አንቺ ነሽ። የሱ ድምፁ ነው ያለው።

የምሥራች፦ ለምን አልነገርሽኝም?

አስካለ፦ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ እንድትሰሚው አልፈለግሁም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ። ሰምቼ ስጨርስ ደግሞ ቢጠፋስ የሚል ይይዘኛል፣ ተነሥቼ እንደገና እቀዳለሁ።

የምሥራች፦ አሥራ አንድ ቅዳሜ።

አስካለ፦ ከዚያ በኋላ ነው ሞላሁ ያለኝ።

የምሥራች፦ የቱ ነው? ይሄ? ድምፁን ጨምሪው… «አገጭ ቀና። ቀና። አትሳቂ የኔ ልጅ፣ ለፈተና ነው።»… ስቄበታለሁ።

አስካለ፦ ስቀሽበታል። ለዚያ ነው ደግሞ ያነሳሽ።

የምሥራች፦ አንድ ጊዜ ደግሜ ልክፈተው?

አስካለ፦ መጀመሪያ ቅጂው። ከዚያ እንደፈለግሽ።

የምሥራች፦ አሁን ነው እንደ ባለሙያ የተናገርሽው። በይ፣ ስድስት ወደ አዲሱ ዲስክ እየሄደ ነው። አሮጌው ላይ ደግሞ አንዱን ሙሉ ትቼ አሥሩን ነው የማጠፋው፣ እሱንም ሁለታችንም ከፍተን ካየን በኋላ። እንደዚያ ሁለት ቦታ ይሆናል። ግን ሁለቱም እዚህ ቤት ካደሩ ያው ነው።

አስካለ፦ ሌባ ቢገባ፣ እሳት ቢነሳ።

የምሥራች፦ ይሄን ካንቺ ይልቅ የሚያውቅ የለም። አንደኛው ከዚህ ውጭ ነው መኖር ያለበት።

አስካለ፦ እትዬ ጌጤ ጋ ላስቀምጠው።

የምሥራች፦ በአንድ ግድግዳ የተያያዝን ነን። የኛ ቢቃጠል የሷ ይተርፋል?

አስካለ፦ እንዲያውም የሚነሳው ከሷ ነው። ከሰል አቀጣጥላ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።

የምሥራች፦ ስለዚህ ከኔ ጋር ይሂድ።

አስካለ፦ አርባ ምንጭ? በዚያ ሙቀት?

የምሥራች፦ ሰው የሚኖርበት ሙቀት ነው።

አስካለ፦ መንገድ ላይ ቢሰረቅስ?

የምሥራች፦ አንዱ እዚህ ቡፌ ውስጥ አለ። ለዚህ አይደል ሁለት የሆኑት? የኔው ሳይነካ ይቀመጣል፣ አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ በያዝሽው ላይ ትቀጃለሽ። በየሦስት ወሩ ይዤው እመጣና እንቀያየራለን። ካልተቀያየርን የኔው ያረጃል፣ አዲስ የገባው አይኖረውም።

አስካለ፦ በየሦስት ወሩ ትመጫለሽ።

የምሥራች፦ ግድ ነው።

አስካለ፦ በየሁለት ወሩ ቢሆን አይሻልም? ለዲስኩ ብዬ ነው።

የምሥራች፦ ለዲስኩ።

አስካለ፦ ሁለት ወር ውስጥ ስንት ነገር ይገባል።

የምሥራች፦ እሺ፣ በየሁለት ወሩ። ፈረቃዬን ለምኜም ቢሆን።

አስካለ፦ አለቆችሽ እንቢ ቢሉሽስ?

የምሥራች፦ እንቢ ካሉኝ አንቺ ይዘሽ ትመጫለሽ። አልጋ አለኝ።

አስካለ፦ አስቤበታለሁ እሱን። መኪና ውስጥ ያዞረኛል።

የምሥራች፦ ከፊት ትቀመጫለሽ። በይ አዲሱን ልያዘው፣ ስድስት ገብቶለታል፣ ከፍተን አይተነዋል፤ ከአሮጌውም አሥሩን አጥፍቻለሁ።

አስካለ፦ አይ፣ አዲሱን ተይው። ገና አመሉን ያላወቅሁትን ዲስክ መንገድ አላስይዝሽም። አሮጌው እስከዛሬ አልከዳኝም፣ እሱን ውሰጂ።

የምሥራች፦ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትከፍቺውን?

አስካለ፦ አሁን አዲሱም ላይ አለ አላልሽኝም? ይጠፋበታል ካላልሽ በቀር።

የምሥራች፦ አለ። ግን እንደ ቀድሞው ብቻሽን…

አስካለ፦ ብቻዬን መች ሆንኩ? አንቺም ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ክፈችው፣ እኔም እዚህ እከፍተዋለሁ። ነቅለሽ ስጪኝ፣ እኔ ልጠቅልለው። ያዢ፣ ከነከረጢቱ።

የምሥራች፦ ምነው ከበደኝ?

አስካለ፦ ከጥጡ ሥር ጓጉንቸርሽ አለ። አውጪና ሻንጣሽን ቆልፊ።