የተኙት ምስማር

እኔ በአውቶቡስ ስሄድ ሁለት ነገር እወዳለሁ፤ የመስኮት ወንበርና የሌላ ሰው ክርክር። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፊስፕ ከተማ ወደ ተራራው መንደራችን በሚወጣው የፖስታ አውቶቡስ ሁለቱንም ባንድ ትኬት አገኘኋቸው። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው እግሩ ጡረታ ቢወጣም ጆሮው አይወጣም።

ከፊቴ የተቀመጠው ማይንራድ ኤየር ነበር፣ የአልተሪ ቦይ የውሃ አባት። ዕድሜው ሰባ ዘጠኝ ነው። በጉልበቶቹ መሐል አዲስ አካፋ አቁሞ ጥርሱን እንዳመመው ሰው አኩርፏል። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ኖኤሚ ሩፐን እየሮጠች ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች። ፊደል ያስቆጠርኳት የመንደራችን ልጅ ናት፤ አሁን ጹግ ከተማ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆናለች።

የማይንራድን ኩርፊያ ምክንያት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ቦያችን ከበረዶው ግግር ሥር ተነስቶ፣ በገደሉ ወገብ አምስት ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሣር ሜዳችንን ያጠጣል። ባለድርሻዎቹ ሠላሳ አንድ ቤተሰቦች ናቸው። በደንቡ ከግማሽ በላይ የሆኑት፣ ማለትም አሥራ ስድስቱ፣ በጸሎት ቤቱ አደባባይ ካልተገኙ ምንም ነገር መወሰን አይቻልም። መንደሩ ውስጥ የቀረነው ደግሞ አሥራ ሦስት ነን። ሁለት ዓመት ተሰብስበን ሁለት ዓመት ሳንወስን ተበተንን። ማዘጋጃ ቤቱም፣ «ዘንድሮም ካልወሰናችሁ ቦዩን ዘግቼ ውሃውን በቧንቧ አወርደዋለሁ» ብሎ ጻፈልን። የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝና ደብዳቤውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ጉባኤው ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር።

«ጋሼ ማይንራድ፣ እንዴት ከረሙ?» አለች ኖኤሚ።

«ቆሜ እሄዳለሁ። ያ የማይታየው ማኅበርሽስ እንዴት ነው?»

«ሞቶ ነበር፤ ተነሳ።»

«እኛ ደግሞ ገና ልንሞት ነው» አለ፤ ግን ጉጉቱ ከኩርፊያው በለጠ መሰለኝ ወደሷ ዞረ። «ቆይ፣ እንዴት ነው ማኅበር የሚሞተው?»

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ከሥሩ ልንገርዎት። ዘጠኝ መቶ ሰዎች ነበርን፤ በአርባ አገር። እያንዳንዳችን ጣሪያችን ላይ ትንሽ የዝናብ መለኪያ አለን። አለቃ የለንም፣ ቢሮ የለንም። መለኪያው ምን ዓይነት ይሁን፣ የት ይተከል፣ ሁሉንም የምንወስነው በድምፅ ነው። ልኬቱም ድምፁም ብሎክቼይን የሚባል መዝገብ ላይ ይጻፋል።»

«መዝገቡን የሚይዘው ማነው?»

«ሁላችንም።»

«ሁሉም ያዘው ማለት ማንም አልያዘውም ማለት ነው።»

«አይደለም ጋሼ። ያው አንዱ መዝገብ በሁላችንም ቤት አለ። አንዱ ሸፍጦ የራሱን ቢሰርዝ የሌሎቹ ያጋልጡታል።»

ማይንራድ አካፋውን ወለሉ ላይ ኳ አደረገው። «ታዲያ ይሄ ቴሰል ነው እንጂ ሌላ ምንድነው! የእያንዳንዱ ቤተሰብ የውሃ ሰዓት እንጨት ላይ ተቀርጾ፣ እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሹ እኔ ጋ ግማሹ ባለቤቱ ቤት። አንዲት ሰዓት ልስረቅ ብል ያ ግማሹ ጉድ ያደርገኛል። ለዚህ ነው ጹግ ድረስ የሄድሽው?»

«ለዚሁ ነው» አለች እየሳቀች። «ስምንት ዓመት ተማርኩ።»

«ድምፁስ በምንድነው? በላይኛው ግጦሽ ማኅበር በላም ቁጥር ነው። ባለ አሥር ላሙ አሥር አፍ አለው።»

«በብሎክቼይን ሰፈርም እንደዚያ ያሉ ማኅበሮች ሞልተዋል። ብዙ ድርሻ የገዛ ብዙ ይናገራል። እኛ ግን እምቢ ብለን አንድ ጣሪያ አንድ ድምፅ አልን።»

«ደግ አደረጋችሁ። ታዲያ ምን ገደለው?»

ኖኤሚ ስልኳን አውጥታ አሳየችው። «ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከጠፋ ምትክ የለውም፤ ምትክ የሚሰጥ አለቃ የለማ። ሰው ደግሞ ስልኩን ሐይቅ ውስጥ ይጥላል፣ ይታመማል፣ ይሰለቻል፣ ይሞታል። ደንቡ ግን ሁሉንም እንዳሉ ይቆጥራል። አንድ ቀን ብንቆጥር ከግማሽ በላይ የሆነው ቁልፍ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ምንም መወሰን አቃተን። ደንቡን እንለውጥ ስንል፣ ለካ ደንቡን ለመለወጥም ከግማሽ በላይ ያስፈልጋል።»

«ይሄን ደንብ የጻፈው ማን የሚሉት ጅል ነው?»

«እኔ ነኝ።»

እኔ ከኋላ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሾፌሩም በመስታወቱ አየን። ማይንራድ ግን በጨዋ ደንብ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ሰው አንቺን ሳያይ አልቀረም» አላት።

«ልክ ነዎት። በመጨረሻ ያለን ምርጫ ያንን ቤት ትቶ አዲስ መሥራት ብቻ ሆነ። ስምንት ወር ፈጀብን። ያገኘናቸውን አራት መቶ ሰዎች ይዘን፣ የድሮውን ልኬት ተሸክመን ገባን። አዲሱ ደንብ እንዲህ ይላል፦ አንድ ዓመት ያልተነካ ቁልፍ ይተኛል። የተኛ አይቆጠርም። ባለቤቱ በነካው ቅጽበት ግን ይነቃል፤ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።»

ይህን ስትል የማይንራድ ፊት ጥቁር አለ። አካፋውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆይቶ፣ «የናንተ ቁልፍ ነው፤ የኛ ሰው ነው» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷ ምክንያቱ አልገባትም። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር፤ ገብቶኝም ዝም አልኩ።

ከአውቶቡሱ ስንወርድ፣ «ኑ እስቲ፣ እውነተኛ መዝገብ ላሳያችሁ» ብሎ ወደ ጎተራው ወሰደን። ሰው በክርክር ሲሸነፍ ግብዣ ያበዛል። ቋንጣ በስሱ ቆረጠልን፣ እንደ ድንጋይ የደረቀውን ጥቁር ዳቦ ሰበረ፣ ነጭ ወይን ቀዳ። ከራሳችን በላይ፣ ምሰሶው ላይ፣ በትልቅ ምስማር የተንጠለጠለ የብረት ቀለበት አለ። በቀለበቱ ላይ ሠላሳ አንድ የእንጨት ምልክቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ የአንድ ቤተሰብ ነው። ኖኤሚ የአያቷን አግኝታ በጣቷ ዳሰሰችው።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ። «ይቺ ባዶዋ ምስማር የምን ናት?»

«የኮት» አለ ማይንራድ።

ይሉኝታ ክፉ በሽታ ነው፤ እኔን ሃያ ሁለት ዓመት ይዞኛል። ያን ቀን ግን ስምንት ቀን ብቻ እንደቀረን ትዝ አለኝና፣ «ማይንራድ፣ ጸሎት ቤቱ ሃምሳ እርምጃ ነው። ውሸትህን እዚያ ሄደህ ትናዘዛለህ ወይስ እዚሁ እኔ ልናገር?» አልኩት።

ዳቦውን መስበር ቀጠለ። እኔም ተናገርኩ። በ1874 የተጻፈው ደንባችን ሰባተኛ አንቀጽ፣ ሦስት ጸደይ ተከታትሎ ለቦይ ጠረጋ ደቦ ያልወጣ ቤተሰብ ምልክቱ ወደ ሁለተኛው ምስማር ይዛወር፣ እስኪመለስ ድረስም ከቁጥር አይግባ ይላል። ከሱ በፊት የውሃ አባት የነበሩት የማይንራድ አባት በየፋሲካው ያዛውሩ ነበር። አንቀጹን ማንም አልሻረውም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ልጅዬው ሲሾም ብቻ መዛወሩ ቀረ።

ኖኤሚ ከወንበሯ ተነሳች። «ሁለተኛ ምስማር! እኛ ስምንት ወር ደማችንን አፍስሰን ያገኘነው ነገር እዚህ ተሰቅሎ ነበር? በልጅነቴ እዚህ ጎተራ ስንት ጊዜ ተደብቄያለሁ! አንድ ቀን እንኳ ብጠይቅዎት ኖሮ ማኅበራችን አይሞትም ነበር።» ወዲያው ድምጿ ቀነሰ። «ግን ጋሼ፣ ለምን ተዉት?»

ማይንራድ እጁን ሰቅሎ አንዱን ምልክት ሳያይ አገኘው። ሁለት ጭረትና አንድ መስቀል ተቀርጾበታል።

«የወንድሜ የቴዎዱል ነው። በ1969 ካናዳ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ዝም። አባቴ እያለ በእሱ ፈንታ እኔ ለደቦ እወጣ ነበር፤ የውሃ አባት ስሆን ያ ቀረ። መዛወር ያለባቸው ዘጠኝ ናቸው፤ ቁጥሩን አላጣሁትም። የሰው ወንድም አዛውሬ የራሴን ብተው ሌባ ነኝ። የራሴን ካዛወርኩ ደግሞ በገዛ እጄ ቀበርኩት ማለት ነው። እናቴ ስትሞት፣ ቦታውን ጠብቅለት ብላኛለች።»

እኔ ብሆን ወይኑን ቀድቼ ነገሩን አልፈው ነበር። ልጅቷ ግን ከእኔ የተሻለች ተማሪ ወጥታለች።

«ጋሼ፣ መተኛት መሞት አይደለም። እኛ ጋ አሥራ ሰባት ሰዎች ነቅተዋል። አንዷ ሊዝበን ያለች ሴትዮ ሁለት ዓመት ታማ ስትመለስ ቦታዋን እንደነበረ አገኘችው። አሁን ጋሼ ቴዎዱልን ምን እያደረጓቸው እንደሆነ ግን አስበውታል? ደንቡ የሌለውን ሰው ከቆጠረ፣ ያልመጣ ሁሉ እምቢ እንዳለ ነው። በየዓመቱ፣ እዚያ አደባባይ ላይ፣ ወንድምዎን ‹የአባቴ ቦይ ይዘጋ› እያስባሏቸው ነው። እሳቸው እንዲህ ብለው ያውቃሉ?»

«ቴዎዱል?» አለ ማይንራድ። «ያንን ቦይ በአሥራ አምስት ዓመቱ በገመድ ተንጠልጥሎ የጠገነ ልጅ!» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። አዘንኩለት፤ በራሴም አፈርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያከበርኩት መስሎኝ ሸክሙን ብቻውን አሸክሜው ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቀለለ፤ አላለቀም እንጂ። ኖኤሚ፣ በሦስት ዓመት አንዴ ለደቦ ብቅ እያሉ ከቁጥር ያልወጡት፣ ዙሪክና በርን ያሉት ሌሎቹ ዘጠኝ ቤተሰቦችም ከያሉበት ድምፅ ይስጡ አለች።

«አይሆንም» አለ ማይንራድ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። እጁ ቦዩ ውስጥ ያልረጠበ ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ገደል ውጣ ሊለኝ ነው?»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለች። «የኛም ትልቁ ችግር እሱ ነው። መለኪያው ይጽዳ ብለው አራት መቶ ሰዎች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ግን አርባ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

የተጠየቀ ሽማግሌ ግማሽ መንገድ መጥቷል። ማይንራድ አገጩን አከከ። «ከሩቅ ድምፅ የሚሰጥ፣ በሁለት ዓመት አንድ ቀን ለደቦ ይምጣ። ካልቻለ ሰው ይላክ። ሁለቱንም ካላደረገ ይተኛ።»

«ይሄን ልሰርቅዎት ነው» አለችና ስልኳ ላይ ጻፈችው።

«ስረቂ። ግማሹ እኔ ጋ ነው፤ ያጋልጥሻል።»

ያን ጊዜ ተነስቶ የቴዎዱልን ምልክት ከቀለበቱ ፈታ። ከዘጠኙ መጀመሪያ የእሱን ነው የፈታው። በባዶዋ ምስማር ላይ ሰቀለውና፣ «ደህና እደር ቴዎዱል» አለው። ስምንቱን በኋላ እኔና ኖኤሚ አቀበልነው።

የጉባኤው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አደባባዩ ላይ ቆጠርኩ። አንዱን ጉንፋን ጥሎት አሥራ ሁለት ነበርን። ነቅተው የሚቆጠሩት ሃያ ሁለት ናቸው፤ አሥራ ሁለት ከግማሽ በላይ ነው። ደንቡን ጮክ ብዬ አንብቤ፣ «ጉባኤው ሙሉ ነው» አልኩ። ቦዩ እንዲቀጥል፣ የሩቆቹም በኖኤሚና በማይንራድ ስምምነት መሠረት ድምፅ እንዲሰጡ ወሰንን። አንድ ብልጥ፣ «የተኙትን የውሃ ሰዓት ለምን አንካፈለውም?» ብሎ ነበር። ማይንራድ፣ «የተኛው ድምፃቸው ነው፤ ውሃቸው አልተኛም። የቴዎዱልን ሜዳ ሃምሳ ዓመት አጠጥቻለሁ፤ ገና አጠጣለሁ» አለው።

እነሆ ዓመት ሞላው። ዘንድሮ ከዘጠኙ ሩቆች ስምንቱ ድምፅ ሰጡ፤ አምስቱ ለደቦ መጥተው እጃቸው ውሃ ቋጠረ። የቦዩ የበሰበሰ ሳንቃ ተቀይሮ ውሃው በሙሉ ጉልበቱ ይወርዳል። ከተኙት አንዱ፣ ባዝል ከተማ ያለ አናጺ፣ የአባቱን ግማሽ ቴሰል ይዞ መጥቶ ነቃ። የኖኤሚ ማኅበርም የማይንራድን ደንብ ተቀብሎ፣ ድምፅ የሚሰጥ ሁሉ መሰላል ይውጣ አለ። ወጣቶቹ የሽማግሌውን ምስማር፣ ሽማግሌውም የወጣቶቹን መዝገብ ባይጠይቁ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ለማኅበር የሚበጀው ማን እንዳለና ማን እንደሌለ በይሉኝታ ሳይሸፋፍኑ ማወቅ፣ ለሌለው ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ነው።

ትናንት መዝገቤን ይዤ ጎተራው ገባሁ። ከተኙት ምስማር ሥር ያ አዲስ አካፋ ቆሟል፤ አንድ ቀን እንኳ አልተቆፈረበትም። አንስቼ እጀታውን ሳየው ሁለት ጭረትና አንድ መስቀል ተቀርጾበታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኩት።

ማይንራድ ቋንጣውን ከመቁረጥ ቀና አላለም። «እሱም ባይሆን ልጁ ወይ የልጅ ልጁ ይመጣ ይሆናል» አለ። «ለደቦ የመጣ ሰው በባዶ እጁ ይቆፍራል እንዴ?»