መቀነቷ ሦስት ዙር ዞረ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ጎረቤታቸውን ያሙ ነበር።

«መቀነቷ እኮ ሦስት ዙር ዞረ! ጥብቅ አድርጋ በደጄ ታልፋለች። የእኔ ከሁለት አላልፍ ብሏል።»

«ሁዳዴን አብራችሁ አይደል የጾማችሁት?»

«አብረን ነው እንጂ! እኔ ፊቴ ብቻ ከሳ፤ ቦርጬ ትንሽ ጎደል አለና እዚያው ቆመ።»

«እሷማ የንስሐ አባቷ ስግደት አብዝተውባት ነው።»

«ውይ! ምን ኃጢአት ሠርታ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እኔም ስግደት ስጡኝ ልበላቸው ይሆን?»

«ምን ሠራሁ ብለሽ?»

«እሱ ነው የጨነቀኝ፤ ምንም አልሠራሁም።»

«በእሷ መቅናትሽን ንገሪያቸው። መቀነትሽ አራት ዙር እስኪዞር ያሰግዱሻል!»

ከኋላቸው ሆኜ፣ እጄ ሳላስበው ወደ ቀበቶዬ ሄደ።