የማማ ሻምሳን ባልዲ ማን ይያዝ?

አሰላሙ አለይኩም። ወንበር ያላችሁ ተቀመጡ፤ የሌላችሁን ግድግዳው ይደግፋችሁ። በሩ ላይ ብቻ አትቁሙ፤ መውጫ የዘጋ ሰው ምን እንደሚደርስበት ማማ ሻምሳ እዚህ እያሉ እኔ መናገር የለብኝም።

ለማታውቁኝ፣ ሀልካኖ ነኝ፣ የዚህ የአደጋ መከላከል ቢሮ ሾፌር። በማማ ሻምሳ የጡረታ ሽኝት ላይ ንግግር አድርግ ሲሉኝ "እኔ ማይክ መቼ ጨብጬ አውቃለሁ?" ብዬ ነበር። አለቃችን አዳን ግን "ከማንም በላይ እሳቸውን የሰማሃቸው አንተ ነህ፤ መኪና ውስጥ መሸሻ የለህማ!" አለኝ። እውነቱን ነው።

ማማ ሻምሳ እዚህ ቢሮ ለሥራ የመጡ ቀን ትዝ ይለኛል። አዳን እጁን ዘርግቶ ወጣና "ካሪቡ ማማ፣ ይግቡ፣ ይግቡ!" ይላቸዋል። እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው "እሳት ቢነሳ መውጫው በየት በኩል ነው?" ብለው እርፍ! የኋላውን በር ለካ እኛ በቁም ሳጥን ዘግተነው ኖሯል። የአደጋ መከላከል ቢሮ እኮ ነን! ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ቁም ሳጥኑን አስገፉን። ይኸው ማማ፣ ያን ቀን የጠየቁትን መውጫ ዛሬ አሳየንዎት።

ከዚያማ ማን ያርፋል? መኪናዬን አፍንጫዋን ወደ መንገድ አዙሬ ካላቆምኩ አይወርዱም። ሰርግ ቤት ሲጠሩ መጀመሪያ የድንኳኑን ገመድ ጎተት ጎተት አድርገው ነው ሙሽራውን ሰላም የሚሉት። የእኔ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ብርድ ልብስና ድስት ሲያመጣ፣ እሳቸው የእጅ ባትሪና ፊሽካ ጠቅልለው መጡ። ሚስቴ ኑርሀን ፊሽካውን አየችና "ወይ ጉድ! ያገባሁት የኳስ ዳኛ ነው እንዴ?" አለች። አትሳቂ ኑርሀን፤ ዛሬም ራስጌሽ ላይ ነው የተሰቀለው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን የመጣሁት ጥያቄ ይዤ ነው። በቀደም ከኡራን ስንመለስ ማማ ሻምሳ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ወይ ሞተሩ ሊበላሽ ነው፣ ወይ የሆነ ነገር አለ። "ምነው ማማ?" አልኳቸው።

"ልጆቼ ናይሮቢ ናቸው። ኦዳ ያለው ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ልቀመጥ ነው። ሰውን ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር ሳጣምር ኖርኩ፤ የእኔን ባልዲ ማን ይይዝልኛል?" አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸው እንቅልፍ ነሳኝ።

ሮዝ፣ አንቺ ገና አዲስ ነሽ፤ የባልዲውን ነገር ላስረዳሽ። ማማ ሻምሳ ጎልቦ በሚባለው ቆላ ላይ ለየቤቱ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ሰማያዊ ባልዲ አደሉ። "ዱቄት፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ መድኃኒት፣ መታወቂያችሁንም አስቀምጡበት። ጎርፍ ወይ ድርቅ እስኪመጣ እንዳትነኩት!" አሉ። ሁሉም "እሺ ማማ" አለ። ከጊዜ በኋላ ልናይ ሄድን። መጀመሪያ የገባነው እናቴ ዓምበሮ ቤት ነው። ሻይ መጣ፣ ትኩስ የቻፓቲ ቂጣ መጣ። ማማ ሻምሳ ቻፓቲያቸውን እየገመጡ ባልዲውን ቢከፍቱት፣ ባዶ!

"ዓምበሮ፣ ዱቄቱ የታለ?"

"እየበላሽው ነው እኮ!"

"ለአደጋ ነው ያልኩሽ!"

"እንግዳ ባዶ አፉን ከመሄዱ የበለጠ ምን አደጋ አለ?"

ቀጥለን የገባንበት ቤትም ቻፓቲ፣ ከዚያ ቀጥሎም ቻፓቲ። የጎልቦን የክፉ ቀን ስንቅ እኔና እሳቸው ቁጭ ብለን በልተን ጨረስነው! ስንመለስ ማማ ሆዳቸውን ይዘው ሲያስቡ ቆዩና "አንተ ሀልካኖ፣ የሰው አደራ ትበላለህ?" አሉኝ።

"አስተግፊሩላህ!"

"እንግዲያው መኪናውን አዙር!"

ባልዲዎቹ እንደገና ሲሞሉ፣ የዓምበሮ ባልዲ ጎረቤቷ ሀዋኦ ቤት ገባ፣ የሀዋኦ ደግሞ ዓምበሮ ቤት። የራሱን ዱቄት ለእንግዳ የማይጋግር ሰው እኛ ጋ የለም። የጎረቤቱን አደራ የሚከፍትም የለም። እኔ ብቻ ነኝ የተጎዳሁት፤ ቻፓቲ ቀረብኝ።

አምና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጎልቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ራቅ ካለው ተራራ ላይ ዘንቦ ኖሯል። የአካባቢው ሹም፣ ቺፉ፣ "ላጋው መጣ!" እያለ ስልክ መደወል ጀመረ። ላጋ ማለት፣ ሮዝ፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ የመጣ ቀን ግን ግመል የሚያንከባልል ወንዝ ነው። ሀዋኦ ልጆቿን ይዛ ወደ ከፍታው ብትሮጥ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ግን ባልዲውን አየችው። "የዓምበሮ አደራ!" አለች። ልጆቿን ወደ ላይ አስቀድማ፣ ባልዲውን አቅፋ ቁልቁል ወደ እናቴ ቤት ሮጠች።

የእናቴ ጆሮ አሁን አሁን ከድቷታል፤ ሀዋኦ ብትጮህም አትሰማትም ነበር። ባልዲዋን በሀዋኦ እጅ ስታይ ግን ማንም ምንም ሊላት አላስፈለገም፤ ብድግ አለች። ጎርፉ ጎጆዋን ወሰደ፣ ፍየሎች ወሰደ። እናቴን ግን አላገኛትም፣ አልሀምዱሊላህ።

ለማማ ሻምሳ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝና "ክዳኑ ገጥሞ ነበር?" አሉኝ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

ማማ፣ ዛሬም "ሀልካኖ፣ ከሳህ፣ ምነው አትበላም?" እያለች የምትነዘንዘኝ እናት አለችኝ። በእርስዎ ነው። ሌላ ቃል የለኝም፤ አላህ ይስጥልኝ። እዚህ የተቀመጠው ሁሉ እንዲህ ያለ የሚያመሰግንበት ነገር አለው፤ እኔ የምናገረው ማይኩ እኔ እጅ ስለገባ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ቢሮው የግድግዳ ሰዓት ሊገዛልዎ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ኑርሀን፣ እስቲ አምጪው። ይኸው፣ ሰማያዊ ባልዲ። የእኔና የኑርሀን ነው፤ የልጆቻችን የልደት ወረቀት ሳይቀር ውስጡ አለ። እርስዎ ጋ ይቀመጥ፤ የእርስዎ ደግሞ እኛ ጋ። ኦዳ ላይ ከቤትዎ ፊት ለፊት ያለችውን፣ ተዘግታ የከረመችውን ቤት ያውቋታል አይደል? ሁላችንም ልንገባባት ተከራይተናታል። እናቴ "ጎልቦን ትቼ የትም አልሄድም" ብላ ነበር። "የሻምሳን ባልዲ የምትይዢው አንቺ ነሽ" ስላት ግን የተረፉትን ፍየሎቿን እየነዳች መጣች። ያቻት፣ ጥግ ላይ፣ እስካሁን ምን እንዳልኩ ሳትሰማ የምትስቀው።

ሲጣሩ እሷ ባትሰማ ኑርሀን ትሰማለች፤ ፊሽካውም አለ። እርስዎም ጡረታ ወጣሁ ብለው እንዳይዘናጉ፤ አደራችን እርስዎ ቤት ነው።

በሉ፣ ሶዳችሁን አንሱ! ለማማ ሻምሳ ጤና፣ ዕድሜና የልጅ ልጅ ጫጫታ! ዝናቡ በልኩ ይምጣልን፤ ባልዲዎቻችን ሳይከፈቱ ይክረሙ!

ማማ፣ ደመና ያዩ ቀን አይስጉ። በርዎ ከተንኳኳ እኛ ነን፤ ባልዲዎን ይዘን መጥተናል።