ከነኮቱ የተለካው ልብስ ሰፊ

ልጆቼ፣ ኩላሊቴ ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ሰው ተዋውቄአለሁ። አንድ ጠዋት በእጥበቱ ክፍል በር ላይ ያገኘኋቸው ሰው ግን እንግዳ አልነበሩም። ከአርባ ዓመት በፊት የሙሽርነቴን ሱፍ የሰፉልኝ ልብስ ሰፊ ናቸው!

«ጋሼ፣ አስታወሱኝ?» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ለኩኝና፣ «ግራ ትከሻህ ዝቅ ይላል። ሾፌሩ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

ያ ሱቃቸው ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ የስፌት መኪናው ኳኳታ፣ የካውያው ሽታ፣ ባለቤታቸው ጨርቅ ሲቆርጡ። ቁልፍ ሊያስተክል የገባ ሰው እንኳ ሳቅ ጠግቦ ነበር የሚወጣው። ባለቤታቸው አምና አርፈዋል፤ ትልቁ መቀሳቸው ግን ዛሬም ከሰውየው ኮት ኪስ አይለይም።

ወንበራችን ጎን ለጎን ሆነ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ላብ አሰመጣቸው፣ ባታቸውን ጨመደዳቸው፣ ዓይናቸው ፈዘዘ። የደም ግፊታቸው ወርዶ ነው። ነርሷ ሮጣ መጥታ ማሽኑ ውሃ ማውጣቱን እንዲያቆም አደረገች፤ ወንበሩን አጋድማም እግራቸውን ከፍ አደረገችላቸው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አሉኝ ነፍስ ሲዘሩ። «ከዚህ ወጥቼ ሁለት ቀን ክር በመርፌ ማስገባት ያቅተኛል። የልጅ ልጄ በወሩ መጨረሻ ልታገባ ነው። ቀሚሷን የቆረጠችላት አያቷ ናት፤ መስፋቱን ለእኔ ትታ አረፈች።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ያችው ነርስ ሚዛኑ ዘንድ ጠበቀቻቸው። ከመጣች ወር ያልሞላት ልጅ ናት።

«አባባ፣ ዛሬ ኮቱን አውልቀው ይመዘኑልኝ።»

«ያለ ኮት? ልጄ፣ ልብስ ሰፊ ያለ ኮት ከታየ ሱቁን ዘጋ ማለት ነው! ከአንቺ በፊት የነበሩት አንድ ቀን አውልቅ ብለውኝ አያውቁም።»

«አክብረውዎት ነዋ።»

«አንቺ ታዲያ አታከብሪኝም?»

«ስለማከብርዎትማ ነው የምጨቀጭቅዎት። እስቲ ይንገሩኝ፣ ሱፍ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ከነካፖርቱ ይለኩታል?»

«አብጃለሁ እንዴ! ያ ምኑ ልክ ይባላል? ሱሪው መንገድ ላይ ወልቆ ይወድቃል!»

«የእርስዎም ግፊት የሚወድቀው እንደዚያ ሱሪ ነው።»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሳቸው አልሳቁም።

«ደረቅ ክብደትዎ፣ ትርፍ ውሃ የሌለበት ክብደትዎ ማለት ነው፣ የተለካው በሸሚዝ ነው» አለች ለስለስ ብላ። «አሁን ከነኮትዎ ሲመዘኑ፣ ትርፉ ሁሉ ውሃ መስሎን ማሽኑን አውጣ እንለዋለን። ማሽኑ ኮት አያውቅም፤ ከሰውነትዎ ይወስዳል።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ኮቱን አወለቁ፤ መቀሱን እንደያዘ ሚዛኑ ላይ አኖሩት። ሁለት ኪሎ ከሩብ!

«ይሄን ሁሉ?» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። «እሷ ብትኖር በመጀመሪያው ቀን ነበር የምታስወልቀኝ። በልክ ነገር ቀልድ አታውቅም ነበር።»

«ሌላም አለኝ፤ ጨውና ውሃ ይቀንሱ። በሁለት እጥበት መካከል ብዙ ከጠጡ ብዙ ማውጣት ግድ ይሆናል፤ ያኔም ግፊት ይወርዳል። የግፊት ክኒኑንም በእጥበት ቀን መቼ እንደሚውጡት ሐኪሙን እንጠይቃለን።»

«ኮቴን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ሾርባዬን?» አሉ፤ ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ያን ቀን አራቱ ሰዓት በሰላም አለቀ። ሲነሱ አልተንገዳገዱም። ከኮታቸው ኮሌታ ሥር መርፌ መዘው ክሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ፤ በአንድ ጊዜ ገባላቸው። ነርሷ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም ዞር አልኩ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገሩ ለእኔም ተረፈኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬንም ቁልፌንም፣ ከባድ ሹራቤንም አኑሬ ነው የምመዘነው። የጠጣሁትን አልደብቅም፤ ራሴ ዞር ሊልብኝ ሲል ሳልወድቅ በፊት እናገራለሁ። ግፊቱ ሲረጋ ልብም አንጎልም ደማቸውን ያገኛሉ፤ ሰውም ቤቱ ገብቶ የሚሠራበት አቅም ይተርፈዋል።

ቀሚሱ በጊዜው አለቀ። ሽማግሌው ዛሬም ከጎኔ ይቀመጣሉ። ኮታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሱቃቸው ግን ክፍት ነው።