ማንም ያልገዛበት ዋጋ

ከሞያሌ ወደ ዋልዳ በሚሄደው ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት እናት ማንያታ መንደር ውስጥ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። አጠገባቸው ያለችው የማያውቋት ወጣት የጅምላ መደብር ሂሳብ እንደምትሠራ ስትነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው አሳዩአት።

“ልጄ፣ ይሄ ፕሮግራም አንዱን ብርድ ልብስ በሺ መቶ ሽልንግ ገዝተሻል ይለኛል። እኔ በሺ መቶ ገዝቼ አላውቅም።”

“በስንት ነው የገዙት?”

“ሠላሳውን በሺ ሁለት መቶ። አስሩን ግን ባለቤቴ ነው በስምንት መቶ የገዛው፣ ሳይሞት በፊት።”

“ፖሌ፣ አዝናለሁ እናቴ። ነፍስ ይማር።”

“አሜን።”

“ሁሉንም ደምሮ ለአርባ ሲያካፍለው ነው ሺ መቶ የመጣው። አማካይ ዋጋ ነው።”

“ታዲያ የሱ ስምንት መቶ የት ሄደ?”

“እዚያው ውስጥ አለ።”

“የሱን አስሩን ሸጬ ብጨርስስ?”

“ፕሮግራሙ የትኛው እንደተሸጠ አይለይም። የሳቸው ዋጋ እዚያው ይቆያል።”

“ነገ በሌላ ዋጋ ሌላ ባመጣስ?”

“እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።”

ሴትዮዋ በመስኮቱ ወደ ኋላ የሚሸሸውን ቀይ ሜዳ እያዩ ጠየቁ።

“ጭራሽ አይጠፋም?”

“ዕቃው አልቆ ዜሮ ከገባ ብቻ ነው የሚጠፋው። ያኔ አዲስ በመጣው ዋጋ ይጀምራል።”

“እንግዲያው የመጨረሻዋን አልሸጥም።”

“አዲስ እስኪመጣ?”

“አዲስ እስኪመጣ።”

“በረደኝ ብሎ የሚለምንዎት ገዢ ቢመጣስ?”

“ይብረደዋ!”

ለእናቴ ብርድ ልብስ ልገዛ አስቤ ዋጋውን ልጠይቃቸው የከፈትኩትን አፌን መልሼ ገጠምኩት።