ሞተሩ እየሠራ የሚለካ ዘይት

አባ ዳገት ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ከአራተኛ ክፍል ስላላለፉ፣ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ አያያዝ ያሳዩዋቸው ልጆች ሁሉ አለቃ ሆነውባቸዋል፤ የተማረ ሰው ምክር ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህርት የሆነችው የጎረቤት ልጅ ከሥራ ስትመለስ፣ በራቸው ላይ የቤት መኪናቸውን ኮፈን ከፍተው ሲያጉረመርሙ ብታገኛቸው ፊታቸውን ወደ ሞተሩ መለሱ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ምን ሆነች?»

«ሞተሯ ይጮኻል፣ እሷ አትሄድም። ማርሽ ሳስገባ ቆይታ ቆይታ ነው የምትይዘው። ባለፈው ዳገቱ መሐል ቆማ ባለቤቴን በሰው ትከሻ አደረስናት።»

ዳገቱ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ነው። ሚስታቸው ኩላሊታቸው ስለደከመ ደማቸው በማሽን ይታጠባል፤ ነገ ተራቸው ነው።

«የካምቢዮዋን፣ የማርሽ ሳጥኗን፣ ዘይት አይተውታል?»

«በየማለዳው። ሙሉ ነው።»

«ሞተሩ ጠፍቶ?»

«ታዲያ እየዞረ ልለካው? እኔ መኪና ስነዳ አባትሽ ገና ዳዴ ይል ነበር።»

«እሱን አባቴም አይክድም። ግን የእርስዎ የጭነት መኪና ማርሹ በእጅ ነበር። ይቺ አውቶማቲክ ናት፤ ጉልበቷ ዘይቱ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከላይ ወርዶ ታች ይጠራቀማል፤ ሙሉ ይመስላል። ስትሠራ ግን ጎድሎባት ነው የምትሠራው።»

«መለኪያ ይዋሻል ነው የምትዪኝ?»

«መለኪያውማ የጠየቁትን ነው የመለሰልዎ።»

 አባ ዳገት ይህን ቀድሞ ከልጃቸው አፍ ሰምተውታል። «ዘይቱ ጎድሏል» ብሎ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ ቢመጣ፣ ሞተሩን አጥፍተው ለኩና «ሙሉ ነው! በሙሉ ላይ ጨምረህ መኪናዬን ልትገድል? በዲፕሎማህ ልታታልለኝ?» ብለው አባረሩት። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም።

«ልጃችን የገዛው መደርደሪያው ላይ ነው፤ አልተከፈተም» አሉ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሚስታቸው። ምኑ እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው አስነስተው እስክትሞቅ ጠበቁ። አባ ዳገት ፍሬን ረግጠው ማርሹን በየቦታው አዘዋወሩና ወደ ማቆሚያው መለሱት። ሞተሩ እየሠራ መምህርቷ መለኪያውን ስባ፣ ጠርጋ፣ መልሳ ከትታ አወጣችው። ጫፉ ብቻ ረጥቧል። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል፤ ቃጠሎ ቃጠሎ ይሸታል። ከሥር ቢያዩ፣ ዘይቱን ለማቀዝቀዝ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደው የጎማ ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ይንጠባጠባል። ሞተሩን አጥፍተው፣ ሲቀዘቅዝ ማሰሪያውን አጠበቁት።

መምህርቷ የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበበች። «የሞተር ዘይት ቢሆን ኖሮ አልጨምርም ነበር። ይሄ የራሷ ነው፤ ልጅዎ አጣርቶ ነው የገዛው።»

አባ ዳገት እንደገና አስነስተው፣ እየለኩ ጥቂት ጥቂት ጨመሩ።  ማርሽ ሲያስገቡ መኪናዋ ወዲያው ያዘች።

«ዳነች?»

«ነገ እትዬን ታደርሳለች። ግን ጋሼ፣ ዘይት የጎደለውን ይሞላል እንጂ የተቃጠለውን አይመልስም። በጊዜ ቢታይ ኖሮ ብዙ ዓመት ባገለገለች።»

«የኔንም ኩላሊት ሐኪሞቹ እንዲሁ አርፍደው ነው ያዩት» አሉ ሚስታቸው።

ሰው «ተሳስቻለሁ» ከሚል ንብረቱ ቢቃጠልበት ይመርጣል፤ ከንብረቱ ጋር ግን ሌላም ይቃጠላል። አባ ዳገት ለልጃቸው ደወሉ። አላነሳም።

በማግስቱ ሚስታቸውን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሞተሩ እየሠራ ሲለኩ አንድ ጎረቤት ሳቀ።

«አባ ዳገት ጃጁ! እያስነሱ መለካት ተጀመረ?»

«ሳቅ፣ እኔም ስቄ ነበር። መኪናህ አውቶማቲክ ከሆነች ና እይ። የአምራቹን መመሪያ ተመልከት፤ መሬት ላይ ጠብታ ስታይ፣ ማርሹ ሲዘገይ ያኔውኑ ለካ። ማሰሪያ ማጥበቅ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ካምቢዮ ማጣት ግን ሕመምተኛ ይዞ ዳገት ላይ መቅረት ነው።»

«ማን አስተማረዎት?»

«ልጄ» አሉ፣ ኮፈኑን እየዘጉ።