የታሸገችው ቀዳዳና የሚቆጥረው ብርሃን

በፈረንጆቹ 2006፣ በኅዳር ወር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በስደት በምኖርባት ሁስቢ፣ ቱነልባና በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንዲት የሐበሻ ልጅ ራዲዮ የሚያህል ሣጥን ታቅፋ ቆማ አየሁ። ከሣጥኑ ቀጭን ቱቦ ወጥቷል። ባቡር በመጣ ቁጥር ሣጥኑን እያየች ትጽፋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አልፌያት እሄድ ነበር። ያን ሳምንት ግን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ሰው ማናገር አማረኝ።

«ምን ትለኪያለሽ ልጄ?»

«አየሩን ነው አባባ። በዓይን የማይታየውን ብናኝ እቆጥራለሁ።»

«የማይታየውን በምን ትቆጥሪዋለሽ?»

«በብርሃን» አለችና ሳቀች። ወርቅውሃ እንደምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ እንደምትሠራ፣ የዶክተር መሸሻ ልጅ እንደሆነች ነገረችኝ።

የአባቷን ስም ስሰማ ፊቴን አዞርኩ። በ1989 እዚሁ በሐበሾች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለጸሐፊነት እጄን ሳወጣ፣ ዶክተር መሸሻ በሞላ አዳራሽ ፊት፣ «አቶ አብዱልሀኪም፣ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው የተማሩት?» አሉኝ። ስምንተኛ አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጥያት ልሄድ ነበር። ያስቆመችኝ የልጄ የማሂራ ልጅ፣ ሊና ናት። አምስት ዓመቷ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከዳጊስ፣ ከሕፃናት መዋያዋ፣ አውጥቼ ቤቴ አመጣትና ሳምቡሳ እጠብስላታለሁ። ባለፈው ሐሙስ ሳምቡሳዋን ሳትጨርስ ደረቷ ሲር ሲር አለ፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ «ሞርፋር»፣ አያቴ፣ ብላ ልትጠራኝ ሞክራ ድምፅ አጣች። በአምቡላንስ ወሰዷት። ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ማሂራ ግን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ «አባዬ፣ ቤትህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ልጄ አትመጣም» አለችኝ። እኔ ደግሞ የሚያሳምማት በሕንፃችን ጎን የሚያልፈው የመኪና መንገድ እንጂ ቤቴ እንዳልሆነ ማስመስከር ፈለግሁ።

«ነይ ቤቴን ለኪልኝ» አልኳት ወርቅውሃን። «የመንገዱንም ለኪና ለልጄ ጽፈሽ ስጪልኝ።»

በመንገድ ሳለን የሊናን ነገር አጫወትኳትና ሣጥኑን አስከፈትኳት። የመድኃኒት ቤት ሽታ ወጣ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አልኮል ነው አባባ።»

«አስተግፊሩላህ! አልኮል ያለበት ዕቃ ቤቴ አይገባም!»

«የሚጠጣ እኮ አይደለም። መርፌ ከመወጋትዎ በፊት ክንድዎን የሚጠርጉበት ዓይነት ነው።»

«እና ምን ይሠራል?»

«ጨለማ ቤት ውስጥ በቀዳዳ የምትገባ ጮራ አይተዋል? አቧራው ሲጨፍርባት?»

«አድጌባት!»

«ያ አቧራ ትልቅ ስለሆነ ብርሃኑ ሲነካው ያበራል። እኔ የምፈልገው ግን ከዚያ በብዙ ሺህ እጅ ያንሳል፤ ብርሃን እንኳ ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ በአልኮሉ እንፋሎት ውስጥ እናሳልፈዋለን። እንፋሎቱ ላዩ ላይ ይጠራቀምና ጠብታ ያደርገዋል። ያኔ ጨረሩ ፊት ሲያልፍ ብልጭ ይላል። አንድ ብልጭታ አንድ ብናኝ ነው። ሣጥኑ ይቆጥራል።»

«እንደ እኔ ነዋ!» አልኳት። «ካባ ካልደረቡለት የሚያየው የለም።»

አልሳቀችም። «ትንሽ ነው ብሎ መናቅማ ስሕተት ነው አባባ» አለች። «ይኼ ትንሹ ነው ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው።»

ይህን አባቷ ቢሰሙት አልኩ በልቤ።

መንገዱ ዳር ለካች፤ ሃያ አንድ ሺህ። ይህ አንዲት የስኳር ኩብ በምታህል አየር ውስጥ ያለው ነው አለችኝ። «አላልኩሽም!» አልኩ። ቤቴ ገባን፤ አሥራ ሁለት ሺህ። ደረቴን ነፋሁ።

«አባባ፣ ያን ዕለት ያደረጉትን ሁሉ ዛሬም ያድርጉልኝ» አለች።

ዘይቱን ጣድኩ፤ ሳምቡሳውን ጨመርኩ። ጭስ የለም፣ ያረረ ነገር የለም። ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን መሮጥ ጀመረ። አርባ ሺህ። ዘጠና ሺህ። ሁለት መቶ አርባ ሺህ። ሊና የተቀመጠችባት ወንበር ከምድጃው ሁለት እርምጃ ናት። ምድጃውን አጠፋሁት።

«ሣጥንሽ ተበላሽቷል!»

«እንግዲያው መንገዱ ዳርም ተበላሽቶ ነበራ?» አለች በትሕትና። «አባባ፣ አየሩ የት ነው የሚወጣው?»

ቀና ብላ አየች። የምድጃውን አየር ማውጫ በጨርቅ ወትፌዋለሁ። በመስኮቱ ራስጌ ያለችውን የአየር ማስገቢያ በድርብ ፕላስተር አሽጌያታለሁ።

«ብርድ ይመታላ!» አልኩ። «በላብ ላይ ንፋስ ሲያርፍ ስንት ሰው ታሟል! በምድጃው ማውጫ ደግሞ የጎረቤት የአሳማ ሥጋ ሽታ ይመጣብኛል።»

ነገሩ ብርዱ ብቻ አልነበረም። በ1991 ቫክትሜስታሬ የሚሉት የሕንፃው ተቆጣጣሪ መጥቶ ፕላስተሬን ገንጥሎ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር «ሉፍት! ሉፍት!» እያለ ጮኸብኝ። አየር ማለቱ ነው። አየርን የማላውቅ ይመስል! እሱ ሲወጣ በድርብ አሸግኩት። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ስደርብበት የኖርኩት ለብርዱ አልነበረም፤ ለእሱ ነበር።

ወርቅውሃ አልጮኸችም። «ሽታው የሚመጣው እኮ ቀዳዳዋ ስለታሸገች ነው» አለች። «የሕንፃው ማራገቢያ ከመታጠቢያ ቤትዎ አየር ይስባል። የሚገባበት ስላጣ በምድጃው ማውጫ ወደ ኋላ ይመለሳል። የጎረቤትዎን ሽታ የጠሩት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«አንድ ጊዜ ይክፈቱትና እንይ።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ፕላስተር ቀለሙን ይዞ ተነሣ። ጨርቁን ጎተትኩ፤ በዘይት ጠቁሮ ነበር። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሺህ ሆነ፤ መስኮቴ የሚያየው ወደ ግቢው እንጂ ወደ መንገዱ ስላልሆነ፣ ሳንጠብስ ከነበረው ያነሰ። ብርዱ ትከሻዬን ነካኝ። አልመታኝም።

«ልጅቷን ያሳመማት ይኼ ብቻ ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም» አለች። «ደረቷ የሚታመም ልጅ ግን እንዲህ ባለ አየር ውስጥ መቀመጥ የለባትም።»

ወንበሯ ላይ ሆና «ሞርፋር» ልትል የሞከረችው አፏ ታየኝ። በፍቅር የጠበስኩት ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በመሸሻ ልጅ ፊት።

ወርቅውሃ «ሣጥኑን ለሳምንት ልተውልዎ» አለችኝ። «ለጥናቴ የሁስቢ ቤቶች ቁጥር እፈልጋለሁ። በየሰዓቱ የሚጽፍልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ጻፍኩ። ሲጠበስ፣ ሲቀቀል፣ ጎረቤት ሻማ ሲያበራ፣ ሁሉንም። ማሂራ ቅዳሜ መጥታ ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አገላበጠች። ፕላስተሩ የነበረበትን ነጭ ምልክት በጣቷ ዳሰሰች። «ሐሙስ አመጣታለሁ» አለች።

አሁን ስጠብስ የምድጃውን ማራገቢያ አበራለሁ፤ ሊና በሌላ ክፍል በሩ ተዘግቶ ትቆያለች፤ ምድጃው ከጠፋም በኋላ ማራገቢያውን ወዲያው አላጠፋም። የአሳማው ሽታ ጠፋ። የመስኮቱ ላብና የግድግዳው ሻጋታ ደረቀ። ጠዋት ራሴን ማመሙ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሊና እንቅልፍ ሲወስዳት ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ፤ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እስካሁን ግን ሲር አላለም። ይህን የምታነብ ወገኔ፣ የሰደበህን ሰው ተቀየመው፣ መብትህ ነው። ቀዳዳዋን ግን ክፈታት። ቂምህን የሚተነፍሰው እሱ አይደለም፤ የልጅ ልጅህ ናት።

ወርቅውሃ ሣጥኗን ልትወስድ ስትመጣ ደብተሩን አየችና፣ «የመዝጋቢው ስም መጻፍ አለበት» ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

«አባትሽ ያዩታል?»

«ሥራዬን ሁሉ ያነባሉ።»

በሽፋኑ ላይ አስተካክዬ ጻፍኩ፤ አብዱልሀኪም፣ ስምንተኛ ክፍል።